የቦርከናው ክብሪት

«በግራ እጁ ነው የጨበጣት። ወሏሂ፣ በዓይኔ በብረቱ አየሁ» አለች ሐጃ ዘሃራ።

አጠገቧ የተቀመጡት ሴቶች አንገታቸውን አስግገው ወደ ድንኳኑ በር አዩ። እውነቷን ነው። ስለሺ የሚባለው የሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ባለ ሦስት እግር ሪክሻ ነጂ የሟችን ልጅ ኒዕማን በግራ እጁ ጨብጦ ቆሟል። ይባስ ብላ እሷም የሰጠችው ግራዋን ነው። ሐጃ ዘሃራ እዚህ ሱዳን፣ ቡሪ ሰፈር ውስጥ ያልመራችው ለቅሶ የለም፤ የወሎ ሰው ሞቶ የሻዩን ስኳር እሷ ካልቀመሰችው ሟቹ በወጉ የሞተ አይመስላትም። በዚህ ሁሉ ዘመኗ ግን ሐዘንተኛ በግራ እጅ ሲጨበጥ አይታ አታውቅም። በመጀመሪያው ቀን አንዱ ሲያደርገው፣ ደንግጦ ነው ብላ አለፈችው። ትናንት ሁለት ሽማግሌዎች ደገሙት። ዛሬ የለቅሶው መጨረሻ ነው፤ ወደ ማታ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ድንኳኑ ይነሳል። ይሄ ነገር ሳይነገርበትማ አይታለፍም።

ተነስታ ኒዕማ ጎን ሄዳ ተቀመጠች።

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽ አላህ ይርሀመውና ደግ ሰው ነበር። ምነው ሰዉ እንዲህ በግራ ይጨብጥሻል? ግራ እጅ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል?»

የኒዕማ ዓይኖች በለቅሶ አብጠዋል። ቢሆንም ፈገግ አለች። «የስካውት ሰላምታ ነው እኮ ሐጃ። ግራ ለልብ ይቀርባል ይል ነበር አባባ። እነዚህ ልጆቹ ናቸው።»

«ስንት ልጅ ነው ያለው ይሄ ሰውዬ? አንቺን ብቻ አልነበር የወለደው?»

«የወለደውስ እኔን ብቻ ነው።»

ሟቹ ጂብሪል በጃንሆይ ዘመን፣ ጢሙ ገና ሳይበቅል፣ ኮምቦልቻ ላይ ስካውት የጀመረ ሰው ነበር። ደሴ ሄዶ ቁምጣ የለበሱ፣ አንገታቸው ላይ መሀረብ ያሰሩ ልጆች ተሰልፈው ሲዘምሩ አየና ልቡ እዚያው ቀረ። ተመልሶ የእናቱን አረንጓዴ መጋረጃ ቀደደ። እናቱ በኩርኩም ስትቀበለው መሀረቦቹ ተሰፍተው አልቀዋል። እነዚያን መሀረቦች ያሰሩት የሰፈር ልጆች አለቃ አሉት፤ አለቃ ጂብሪል እንደተባለ ቀረ። ደርግ ከመጣ በኋላ በእግሩ ሱዳን ሲገባም ከአገሩ ይዞት የወጣው አንድ ፊሽካና አንድ የተጠቀለለ መሀረብ ነው። ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ የስደተኛውን ልጅ ጁምዓ ጁምዓ ይሰበስብና ገመድ መቋጠር፣ ቁስል ማሰር፣ ኮከብ አይቶ አቅጣጫ ማወቅ ያስተምር ነበር። አንድ ጊዜ ፖሊሶች ወታደር ያሠለጥናል ብለው ወሰዱት። መኮንኑ ምንድን ነው የምታስተምራቸው ቢለው፣ ለአሮጊቶች ውሃ መቅዳት አለ። መኮንኑ የገዛ እናቱ ጋ ደውሎ ቤቷ ውሃ አለ ወይ ቢላት፣ ልጆቹ ቀድተውልኛል አለችውና ለቀቀው ብሎ ስለሺ እስከ ዛሬ ይምላል።

ኒዕማ ግን ስለሺን የፈለገችው ለሌላ ነገር ነበር።

«አገኘኸው?» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አገኘሁት። ኦምዱርማን፣ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ሻንጣ እያሰረ ነው። ነገ ጠዋት በአውቶቡስ ወደ አገር ይገባል፤ ኸላስ፣ ጠቅልሎ ነው የሚገባው።»

«ይመጣል ወይ?»

ስለሺ አንገቱን አከከ። «"ሲቆም ላልፈለገኝ ሰው ሲተኛ ምን ላደርግለት?" አለኝ። ለምኜዋለሁ እትዬ። ያንቺ አደራ እንዳለ ነግሬዋለሁ። እሱ ግን ሻንጣውን ያስራል።»

ኒዕማ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ነገር ጨበጠች። ዛሬ ካልመጣ፣ አባቷ የጣለባት አደራ ዕድሜ ልኳን እላይዋ ላይ ሊቀር ነው።

ሰውዬው በለጠ ይባላል። ከኮምቦልቻዎቹ የመጀመሪያው ስካውት እሱ ነበር። ከጂብሪል ጋር አብረው አደጉ፣ አብረው ተሰደዱ፤ አንዱ ረመዳን ሲይዝ ሌላው ምሳውን ተደብቆ ይበላ ነበር። የተጣሉት በክብሪት ነው። አዎ፣ በክብሪት። የኮምቦልቻ ስካውቶች የመጀመሪያ የሜዳ አዳራቸውን ቦርከና ወንዝ ዳር ያደረጉ ለት ድንችም ሽሮም ድስትም ነበር፤ ክብሪት ግን የለም። አለቃ ጂብሪል፣ ስካውት ሁለት እንጨት አፋትጎ እሳት ያወጣል ብሎ ሲያስተምር የከረመ ነውና፣ ልጆቹ መዳፋቸው እስኪላጥ አፋተጉ። ከእሳቱ በፊት ዝናቡ መጣ። ያን ሌሊት ሽሮ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ጠጡ፤ የጠጡት ሁሉ ሲሮጡ አደሩ።

ክብሪቱን የረሳው ማን ነው? ጂብሪል በለጠ ነው ይላል፣ በለጠ ጂብሪል ነው ይላል። ይህ ክርክር ለብዙ ዓመት የሁለቱ ጨዋታ ነበር። በለጠ ልጁን ቤቲን ሲድር ግን፣ በሙሽሮቹ ፊት ተነስቶ ታሪኩን አወራና «"ስካውት ሁሌ ዝግጁ ነው" እያለ ሲጮህብን የኖረው አለቃችን ክብሪት ረስቶ ጨረሰን» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጂብሪል ሳህኑን አስቀመጠና ወጣ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤትም ሆነ ሰርግ ቤት ሲገናኙ በቀኝ እጅ ይጨባበጡ ነበር። ለሌላው ሰው ጨዋነት ነው። ለሁለቱ ስካውቶች ግን አላውቅህም መባባል ነው፤ ኒዕማም ይህን ታውቃለች።

ጂብሪል ሕመሙ ሲጠናበት አልጋው ስር ያለውን ቆርቆሮ አስመጣት። ውስጡ አረንጓዴው መሀረብ አለ። በመሀረቡ የተጠቀለለ ክብሪት አለ፤ ሥዕሉ ለቆ ነጭ ካርቶን ሆኗል።

«ያን ለት ገና መንገድ ላይ ሳለን ሰማዩ ሲጠቁር እንዳይረጥብ ብዬ ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩት» አላት። «ከዚያ ረሳሁት። ቤት ገብቼ ካልሲዬን ሳወልቅ ዱብ አለ።»

«ያኔውኑ ለምን አልነገርከውም አባባ?»

«የመጀመሪያው ዓመት አፈርኩ። በሁለተኛው ማፈሬን ረሳሁት። ከዚያማ በለጠ ነው እያልኩ ስምል እኔም አመንኩት።» ስቆ ሳል አቋረጠው። «ንገሪልኝ። በስልክ እንዳይሆን፤ ያ ሰውዬ የመጨረሻውን ቃል ተናግሮ ይዘጋብሻል። ፊት ለፊት፣ ክብሪቱን እያሳየሽ።»

«ራስህ ብትነግረው አይሻልም? ላስጠራው።»

«ትንሽ ልበርታና» አለ። አልበረታም።

የአስር አዛን ሲሰማ ወንዶቹ ሰገዱና ወንበሮቹን መደራረብ ጀመሩ። ድንኳኑን የሚያነሱት ልጆች ገመዱን ሊፈቱ መጡ። ኒዕማ «ቆዩ» አለቻቸው። ትንሽ ቆይተው ደግመው መጡ፤ ደግማ ቆዩ አለቻቸው። ሐጃ ዘሃራ ለድንኳኑ አከራይ የምትነግረውን ሰበብ በሆዷ ታዘጋጅ ጀመር።

ይሄኔ አንዲት ሪክሻ በሩ ላይ ቆመች። ረጅም ሽማግሌ ከዘራውን አስቀድሞ ወረደና ኮፍያውን አወለቀ። ስለሺና ሽማግሌዎቹ ስካውቶች ሁሉ ብድግ አሉ።

«ይኸው፣ ሌላ ግራ መጣ» አለች ሐጃ ዘሃራ።

በለጠ ኒዕማ ፊት ደረሰ። ከዘራውን ወደ ግራ አዛወረና ቀኝ እጁን ዘረጋ። «ነፍስ ይማር። እግዜር ያጽናሽ።»

«አያችሁ? የጨዋ ልጅ ማለት እንዲህ ነው» አለች ሐጃ ዘሃራ፣ ሁሉም እንዲሰማት።

ኒዕማን ግን በጥፊ የተመታች ያህል አመማት። ቀኟን ሰጠችው። «መንገደኛ ነኝ፣ አልቆይም» ብሎ ፊቱን አዞረ።

«ጋሼ በለጠ፣ አንዴ ይቀመጡ። አደራ አለብኝ።»

ተቀመጠ። ክብሪቱን ከኪሷ አውጥታ በግራ መዳፏ ላይ አሳየችው። «የቦርከናው ነው። አባባ ካልሲው ውስጥ ነበር። "የረሳሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበለኝ" ብሎዎታል።»

በለጠ ክብሪቱን አየ፣ አየና አንገቱን ደፋ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐጃ ዘሃራ ሽማግሌ ብቻውን እንዳያለቅስ ብላ «ወይኔ ጂብሪል» ብላ ልትጀምር አፏን ከፈተች። በለጠ ቀና ሲል ግን እየሳቀ ነበር፤ እንባው ጢሙ ላይ ይወርዳል።

«እኔም ጋ ነበረ እኮ» አለ።

«ምኑ?»

«ክብሪቱ ነዋ። ሌላ ክብሪት። ኪሴ ቀዳዳ ነበር፣ ሾልኮ ኮቴ ገበር ውስጥ ገብቷል። በማግስቱ እናቴ ልታጥበው ስትል አገኘችው። ሮጥኩ፤ ልነግረው። እሱ ለካ ፊሽካውን ነፍቶ ልጆቹን ሰብስቦ፣ "ክብሪት ያዡ በለጠ ነው ያስራባችሁ" ይላል። እልህ ያዘኝ። "አንተ ነህ የረሳኸው" አልኩት። እንዲያው ለእልህ ያልኩት ነው፤ ለካስ እውነቴን ኖሯል።»

መጀመሪያ የሳቀው ስለሺ ነው። «ሁለት ክብሪት ታቅፋችሁ ነው ያን ሁሉ ልጅ እንጨት ያፋተጋችሁት?» ሲል ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ሐጃ ዘሃራ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን አጋለጣት። ድንኳን ሊያነሱ የመጡት ልጆችም ምን እንደተባለ ሳይገባቸው ሳቁ።

ሳቁ ሲበርድ በለጠ ዓይኑን ጠረገ። «መታመሙን ሰምቼ ነበር። ይምጣ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። ልጄ፣ በዚህ ነገር አብረን ሳንስቅ መሞቱ ነው ያንገበገበኝ። በጣም ናፍቆኛል።»

«እሱም ናፍቀውት ነበር» አለች ኒዕማ። «ይውሰዱት ክብሪቱን። ቦርከና ዳር ይለኩሱት።»

«ከነደደልኝ።»

«ካልነደደ እንጨት ያፋትጋሉ።»

በለጠ ከዘራውን ወደ ቀኝ አዛወረ። ግራ እጁን ሸሚዙ ላይ ጠረገና ዘረጋላት።

«አይ፣ ይሄም ጀመረው» አለች ሐጃ ዘሃራ፤ ቢሆንም የዚህን ጊዜ ፊቷን አላዞረችም።

ኒዕማ ክብሪቱን ከግራ መዳፏ አላነሳችም። እንደያዘችው ጨበጠችው። በሁለቱ እጆች መሀል አሮጌዎቹ እንጨቶች ኮሽ አሉ፤ ልጆቹ የድንኳኑን ገመድ ፈትተው እስኪጨርሱ ድረስም አልተላቀቁም።