ድጋሚ የተላከው መልእክት

እህትየው ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም ጸሐፊ ናት፤ ወንድምየው የማማ ላይ ቴክኒሻን። እሷ አራተኛ ፎቅ ቁጭ ብላ፣ ለሩቅ መሣሪያዎች በኔትወርክ መልእክት የሚልክና መልስ የሚቀበል ፕሮግራም ትጽፋለች፤ እሱ መሣሪያዎቹ የተሰቀሉበት ማማ ላይ ወጥቶ ይጠግናል። ትምህርቱን ትቶ ያስተማራት እሱ ነው። «እኔ ብወድቅ እንኳ ሚጡ ወንበር ይዛለች» እያለ ይቀልዳል፤ ቀልዱን ግን ከልቡ ያምንበታል።

ሚጡ ሰነፍ አይደለችም፤ ችኩል ናት። የማማዎቹን ኤሌክትሪክ ከሩቅ የሚቆጣጠረውን ፕሮግራም ስትጽፍ፣ «አጥፋ» እና «አብራ» የሚሉ ሁለት ትእዛዞች ከማዘጋጀት አንድ «ገልብጥ» ይበቃኛል አለች። በርቶ ያገኘውን ያጠፋል፣ ጠፍቶ ያገኘውን ያበራል። መልስ ከዘገየም ፕሮግራሙ ያንኑ መልእክት ደግሞ እንዲልክ አደረገች። ለየብቻቸው ምንም አይሉም፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ጉድ ናቸው። አለቃዋ «አጭር ሥራ ማለት እንዲህ ነው!» ብሎ አሞገሳት፤ አንብቦት ቢሆን ምን ነበረበት! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህችኛዋ ያፈሰሰችው ግን የሚለቀም አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ከማማው ላይ ደወለ። ነፋሱ በስልኩ ይሰማል።

«ሚጡ፣ አጥፊልኝ። ገመዱን ልቀይር ነው።»

«እሺ ወንድምጋሼ።»

ላከች። መስመሩ ተንቀራፈፈና መልሱ ዘገየ፤ ፕሮግራሙም እንደታዘዘው መልእክቱን ደገመ። ወዲያው የመጀመሪያው መልስ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ፦ ጠፍቷል።

«ጠፍቷል፣ ቀጥል!» አለችው።

እሷ ይህን ስትል ሁለተኛው መልእክት ደርሶ መልሶ አብርቶታል። መጀመሪያ ጩኸቱን ሰማች፤ ቀጥሎ ሁለተኛው መልስ መጣ፦ በርቷል።

ወዲያው ገባት። አለቀሰች፣ ይህን እንኳ አንከለክላትም። ግን እያለቀሰች «ገልብጥ»ን ሰርዛ «አጥፋ» እና «አብራ»ን ጻፈች፤ የተላኩትን መልእክቶችም ከማሽኑ ላይ ደመሰሰች። መርማሪዎቹ ሲመጡ ፕሮግራሙ እንከን የለሽ ነበር። ሆድ ይፍጀው አለች። የሷ ሆድ እንደሆነ ስንቱን ችሏል!

ሆስፒታል ስትሄድ የወንድሟ ቀኝ እጅ ከክርኑ በታች የለም። ብርድ ልብሱ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ተቀምጧል፦ ማረጋገጫ ሳይጠብቅ ስለነካ ከሥራ ተሰናብቷል፤ ጥፋቱን አምኖ ይፈርም።

«ሚጡ፣ ጠፍቷል ብለሽኝ ነበር አይደል?»

ወደ መስኮቱ ዞረች። «ምንም አላልኩህም። ሳልመልስልህ ነው የነካኸው።»

ይህች ልጅ ዋሽታኝ አታውቅም ብሎ ነው የሚያምነው፤ እሷን ከሚጠረጥር ራሱን ቢጠረጥር ይቀለዋል።

«እንግዲያው ድንጋጤው አዛብቶኝ ነው» አለ። ወረቀቱን በግራ እጁ ገፋ አደረገላት። «በይ አንቺው ፈርሚልኝ፤ በግራ ገና አልለመድኩም።»

እስክሪብቶውን አነሳች። የሚፈረምበት ቦታ ሲጠፋት አየና አሳዘነችው።

«አይዞሽ ሚጡ፣ አንቺ ምን አደረግሽ?» አላት።

ፈረመችለት።