ሦስት ማለዳ

ውሸት ነዋ፣ ጦር እንዲህ በአንድ ቀን ይፈታል እንዴ፣ ሀብትነሽ ከጅጋ ገበያ ስትመለስ እግሯ ከሐሳቧ ይፈጥናል፣ የባጃጁ ጎረምሳ ነው ያወራው፣ ማዘር፣ እነ ደጀኔ ያሉበት ጦር እኮ ተበትኗል፣ የተረፈ የለም ይላሉ። ይላሉ! አንተ አይተሃል? አላየሁም። እንግዲያ ዝም በላ። ምላስህን ይቁረጠው ልትለው ነበር፣ የሰው ልጅ ነው ብላ ተወችው።

ደጀኔዋን፣ አንድ ልጇን፣ ቡሬ ላይ ምሳ ሲበላ ያየው ሰው አለ፣ ጎረቤቷ እጅጉ ናት የነገረቻት፣ ያየው ማን እንደሆነ እጅጉም አታውቅ፣ አትወቃ፣ መብላቱ ነው ቁም ነገሩ። ሽሮ እንዳይሆን ብቻ፣ ሽሮ አይወድም። አፈግፍገው ነው፣ ስልኩም የማይሠራው ኔትወርክ ጠፍቶ ነው፣ በሶውን ፈጭታ ቋጥራለታለች።

ደግሞስ ሞቶ ቢሆን መርዶ አይመጣም ነበር? መርዶ ወጉ ማለዳ ነው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎች ቄሱን አስቀድመው። ማን መጣባት? ማንም። ከትናንት ወዲያ በዶሮ ጩኸት ተነስታ ቤተ ክርስቲያን፣ ትናንት ፍኖተ ሰላም፣ ዛሬ ጅጋ፣ በጨለማ ሽንኩርቷን የሚገዛ እንደሌለ ታውቃለች፣ ገበያው እስኪቆም መንገድ ዳር ቁጭ ትላለች፣ ምን አለበት።

ትናንት ማታ ቄሱ አባ ገብረሰንበት መንገድ ላይ አገኟት፣ ጉልበታቸውን ሳመች፣ ልጄ፣ ምነው ማለዳ ማለዳ ከቤትሽ አትገኚ፣ ሥራ በዛብኝ አባቴ። ዓይናቸውን አላየችም። ፈራች።

አሁን ግቢዋ ገብታ ቆማለች። ከግራሩ ሥር ሣሩ ተረግጧል፣ ድንጋዮቹ ለመቀመጫ ተጠጋግተዋል፣ አጥሩ ላይ የአባ ገብረሰንበት መቋሚያ ተደግፎ ቆሟል። ረስተውት ነው። አይረሱትም፣ እኒያ ሽማግሌ ያለ መቋሚያ ከደጃቸው አይወጡም፣ በሰው ትከሻ ተደግፈው ነው የተመለሱት፣ ለእሷ ብለው ነው የተዉት።

ወስዳ ብትሰጣቸው ይነግሯታል። ቤት ብታስገባው ከእሱ ጋር ልታድር ነው። እጇ መቋሚያውን ይነካና ይመለሳል፣ ሰውዬው እኮ ሦስት ማለዳ ወደ ግቢዋ የሚያመጣውን ዳገት ወጥተዋል፣ በዚያ ጉልበታቸው።

መጥረጊያ ታነሳለች። የግራሩን ሥር ትጠርጋለች፣ ድንጋዮቹን ታስተካክላለች፣ የአባ መቀመጫ ላይ አጎዛ ታነጥፋለች፣ ማለዳ ይበርዳል። መቋሚያውን እዚያው ትተወዋለች፣ ይምጡና ይውሰዱት። ነገ የትም አልሄድም፣ ደጀኔ፣ ልጄ፣ ነገ ቤት ነኝ።