ወደ ሽማግሌው የምንሄደው የትኛው ቀን ነው?

ሆሄፓ ዘመዶቹን ዌሊንግተንን ሊያስጎበኝ ነው። ከአገሪቱ ምሥራቅ ዳርቻ ካለው መንደራቸው በመኪና መጥተው ሦስት ቀን ይቆያሉ። እሱ እዚህ ወደብ ላይ መኪና ወደ መርከብ ሲያስገባ ሃያ ዓመት ኖሯል፤ ከተማዋን ከኔ በላይ የሚያውቃት ላሳር ባይ ነው።

«በመጀመሪያው ቀን በገመድ በሚጎተተው ቀይ ባቡር ኮረብታው ላይ እንወጣለን» አለ በስልክ። «በማግስቱ በወደቡ ዳር ዳር እንሄድና የተጠበሰ ዓሣ እንበላለን። ኮፍያ እንዳታመጡ፣ ነፋሱ ይወስደዋል።»

«ደግ አስበሃል ልጄ» አሉ የአያቱ ታናሽ እህት፣ እማማ ማቴሮዋ። «ወደ ሽማግሌው የምንሄደው የትኛው ቀን ነው?»

ሽማግሌው የዘር ሐረጋቸው አባት ነው፤ አሁን እንግዲህ በእሱ አምሳል የተቀረጸ ምሰሶ ነው። ከመንደሩ መሰብሰቢያ ቤት ተነቅሎ ከተወሰደ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የሚገኘውም ወደቡ ዳር ባለው ሙዚየም ጓዳ ነው። እሱን ደግሞ እንደ ሱቅ ዘው ብሎ ገብቶ ማየት የለም። ሲገቡ ሴት በዜማ ትጣራለች፣ ወንድ ተነሥቶ በአባቶች ቋንቋ ይናገራል፣ ሲጨርስ ሴቶቹ ዜማ ያነሡለታል። ይናገር የነበረው አጎቱ ነው፤ እሱ አምና ሞተ። የሚመጡት እማማ ማቴሮዋና ልጃቸው ኬሪያና ብቻ ናቸው። ስለዚህ ተናጋሪው ሆሄፓ መሆኑ ነው።

ምን ያደርጋል፣ የሆሄፓ ቋንቋ ከሰላምታ አያልፍም። በአጎቱ ቀብር ላይ ደረቱን ነፍቶ ተነሣና ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ ምላሱ ተሳሰረ። ሴቶቹ ፈጥነው ዜማ አነሡና ሸፈኑት። ተናጋሪው ሳይጨርስ ከተዜመ ተቀመጥ ማለት እንደሆነ እዚያ ያለ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ያን ቀን የተሰማው ውርደት እስከ ዛሬ ደረቱ ላይ አለ።

«ዝግ ነው እማማ» አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። «እድሳት ላይ ናቸው።»

እንዲህ ያለ ውሸት ከየት እንዳመጣው እሱም አያውቅ።

መጡ። በቀዩ ባቡር ወጡ፣ ወረዱ። በማግስቱ ወደቡ ዳር ሲሄዱ ነፋሱ ከባሕሩ ተነሥቶ ያንገላታቸው ጀመር።

«እኛ ከተማውን ልንጎበኝ መጥተን ነፋሱ እኛን ጎበኘን» አለች ኬሪያና ቀሚሷን በሁለት እጇ ይዛ። «ኪሴን ሳይቀር እኮ ፈተሸኝ።»

እማማ ማቴሮዋ አንድ ትልቅ በር አዩ። «እስኪ እዚህ እንጠለል።»

«ፊት ለፊት ጥሩ ካፌ አለ» አለ ሆሄፓ። እሳቸው ግን ገብተዋል። የሙዚየሙ በር ነበር።

ኬሪያና እንግዳ ተቀባይዋን ጠየቀቻት። «እድሳቱ መቼ ያልቃል? ጓዳ ያለውን አባታችንን ልናይ ነበር።»

«የምን እድሳት?» አለች ልጅቷ። «ክፍት ነው እኮ። ቀደም ብሎ መደወል ብቻ ነው። ከፈለጋችሁ ነገ ጠዋት ይቻላል።»

ኬሪያና ዞራ አየችው። ሆሄፓ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ልጁ በደንብ አልሰማ ይሆናል» አሉ እማማ ማቴሮዋ ለልጅቷ፣ እሱን ሳያዩ። «ለነገ ጠዋት ያዢልን።» ሲሸፍኑት ይሄ ሁለተኛቸው ነው። በሰው ፊት ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

መኪናው ውስጥ ሞተሩን ሳያስነሣ ተቀመጠ። «ዋሸኋችሁ» አለ። «መናገር አልችልም። አፍሬ ነው።»

«አውቄያለሁ» አሉ እማማ ማቴሮዋ፣ «ያኔውኑ በስልክ። አያትህም ስትዋሽ ጉሮሮዋን ትጠርግ ነበር።»

«ካወቁ ለምን መጡ ታዲያ?»

«ሽማግሌውን ለማየት ነዋ። በዚህ ዕድሜዬ ተመልሼ የምመጣ ይመስልሃል?»

ሆሄፓ አንገቱን ደፋ። «ነገም እንደዚያን ቀን ቢይዘኝ ቶሎ ታዜሙልኛላችሁ አይደል?»

እማማ ማቴሮዋ የመኪናውን ቀበቶ አሰሩ። «በል ንዳ» አሉት።

ጠዋት ኬሪያና እየተጣራች ቀድማ ገባች። ሽማግሌው ከግድግዳው ሥር ቆሟል፣ የዛጎል ዓይኖቹን አፍጥጦ። ሴቶቹ ተቀመጡ፣ ሆሄፓ ቆመ። ሰላምታውን አቀረበ። ከዚያ የፈራው ደረሰ፣ ምላሱ ተሳሰረ።

ወደ ሴቶቹ ዞረ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዩታል። ጠበቃቸው። አላዜሙም። ወደ ጓዳው ያስገባቻቸው የሙዚየሙ ልጅ እንኳ አፍራለት ወለል ወለሉን ታያለች።

«እኔ ሆሄፓ ነኝ» አለ በመጨረሻ፣ ከልጅነቱ በቀሩት ጥቂት ቃላት። «ቤቴ እዚህ ነው። ቅርብ ነው። ሃያ ዓመት። አንድም ቀን አልመጣሁም።» ቃል ፈለገ፤ የመጣለት ልጅ ሳለ አያቱ ሲቆጡት የሚሉት «እፈር» ነበር። «አፈርኩ። ልጆችህም እንዳይመጡ አደረግሁ። አፈርኩ።»

ሌላ ቃል አልነበረውም። ቢሆንም አልተቀመጠም።

ያኔ እማማ ማቴሮዋ የኬሪያናን ትከሻ ተደግፈው ተነሡና ከጎኑ ቆሙ። ዜማውንም አነሡት፣ ረጅሙን፣ አጎቱ ተናግሮ ሲጨርስ ያዜሙለት የነበረውን።