ስድስት ጊዜ የተነሳው ሰው

ይህች ልጅ የምታለቅሰው መቼ ይሆን?

አያቷ ይህንኑ በሆዷ እያመላለሰች ከቴርሞሱ ሻይ ትቀዳለች። ቀብሩ ካለፈ አራተኛ ቀን ነው። ልጅቱ ዓይኗ እንደደረቀ፣ እህል በወጉ ሳትቀምስ፣ መስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እናቷን በአራስነቷ ያጣች፣ አሁን ደግሞ አባቷን። እንዲህ የደረቀ ኀዘን ወደ ውስጥ ገብቶ ሰው አይጥልም ትላላችሁ?

ሶፋው ላይ የተደረደሩት ሦስቱ ለቀስተኞች ግን ልጅቱን ልብ ያሏትም አይመስሉ። ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ የያዙት ያንኑ የፊልም ወሬ ነው።

«እኔ በበኩሌ ትዳሬን ያዳነው ያ ፊልም ነው» አለች የመዘምራን መሪዋ። «ልጅቱ አባቷ አልጋ ሥር ተንበርክካ ስትጸልይ፣ አባትየው ብድግ ሲል፣ ባሌ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው።»

«ብድግ ያለውማ ተነሳ ስለተባለ ነው» አለ ጎረቤታቸው ሾፌሩ። «በሽተኛ እንደ ወታደር ብድግ ሲል የት አይተሽ ታውቂያለሽ? የዳነ ሰው መጀመሪያ ውሃ ይጠይቃል።»

«አንተ ካላየህ አታምንም።»

«አይቼውም እኮ ነው ያላመንኩት።»

ጡረተኛው መምህር ጉሮሮውን ጠረገ። «ታሪኩ መካሪ ነው፤ አልክድም። ግድግዳውን ግን አይታችሁታል? በስተቀኝ ሰማያዊ፣ በስተግራ ልስን። የትኛው ሆስፒታል ነው ግማሽ ግድግዳ የሚቀባው?»

አያቷ ብርጭቆውን ፊቱ ቀጭ አድርጋ አስቀመጠችለት። ሻዩ ፈሰሰ። ይቅርታም አላለችው።

ግድግዳው ግማሽ የሆነው ልጇ፣ የልጅቱ አባት፣ ግማሹን ብቻ ቀብቶ ስለነበረ ነው። ቀለም ቀቢ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ዳይሬክተር አንድ ባዶ መጋዘን ወስዶ፣ የሆስፒታል ክፍል አስመስለህ ቀባልኝ አለው። ግማሹን እንዳደረሰ በሽተኛውን የሚጫወተው ሰው ቀረ። ዳይሬክተሩ ዙሪያውን ቢቃኝ፣ በልስን አቧራ ፊቱ አመድ የመሰለ ቀቢ መሰላል ላይ ቆሟል። «አንተ፣ ውረድና እዚህ ተኛ» አለው። ምሳ ልታደርስለት የመጣችውን ልጁን ደግሞ አልጋው ሥር አንበረከኳት።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ አባትና ልጅ እየተንከተከቱ ገቡ።

«እማዬ፣ ዛሬ ስድስት ጊዜ ታምሜ ስድስት ጊዜ ዳንኩልሽ» አለ ልጇ። «ይቺ ጸሎቱን በተሳሳተች ቁጥር ‹እንደገና› ይሉናል። በመጨረሻው ላይማ እንቅልፍ ወስዶኝ፣ ጎኔን ቆንጥጣ ነው ያስነሳችኝ።»

እሱ ሲስቅበት፣ እናቱ ግን ፊልሙን አሥራ አንድ ጊዜ አየችው። ከአልጋው በተነሳ ቁጥር ታለቅሳለች። «እማዬ፣ አጠገብሽ ተቀምጬ?» ይላታል።

«ለምን አሁን አብረን አናየውም?» የመዘምራን መሪዋ ስልኳን አውጥታ ወደ ቴሌቪዥኑ ተነሳች። «መጽናኛ ነው። ልጅቱም ብታየው እምነቷ ይጸናል።»

«የቀበረችውን አባቷን ሲነሳ ልታሳያት ነው?» አለ ሾፌሩ።

«በመንፈስ ነዋ።»

«ድምፁን ብቻ ቀንሱት» አለ መምህሩ። «ሙዚቃው ይበዛል።»

ልጅቱ ከበርጩማዋ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። አያቷ ትሪውን ባለበት ጥላ ተከተለቻት።

ጓዳው ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ይሸታል። መደርደሪያው ሥር የልጇ ብሩሽ ጣሳ ውስጥ እንደተነከረ ነው። የሰው በር ሲቀባ ኖሮ የራሱ በር በዝገት ሲበላ፣ የሰፈሩ መሳቂያ ሆኖ፣ ባለፈው ወር ገና አንዱን ክንፍ አረንጓዴ እንደቀባ የሳንባው ሳል አልጋ ላይ ጣለው። ብሩሹ እንዳይደርቅ በየጠዋቱ ጋዝ የምትጨምርበት አያቷ ናት።

«ምን ሆንሽ የኔ እናት? ለኔ ንገሪኝ።»

ልጅቱ ጣሳውን በጣቷ ነካ አደረገች። «አንድ መስመር ረስቼ ነበር» አለች።

«የምን መስመር?»

«ሆስፒታል። የፊልሙን ጸሎት በይ ስትይኝ። መሀል ላይ ዘለልኩት። ፊልሙ ላይ ስሳሳት ‹እንደገና› ይሉኝ ነበር። እዚያ ግን ማንም ‹እንደገና› አላለኝም፣ እማማ።»

አሮጊቷ መደርደሪያውን ያዘች። በሰው ሁሉ ስትበሽቅ የሰነበተችው ለካስ በራሷ ጥፋት ኖሯል። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የልጅቱን ትከሻ ጨምድዳ፣ «ያንን ጸሎት በይ፤ ቃል በቃል፤ ያኔ ተነስቶልሽ የለ?» ያለቻት እሷ ናት። «እማማ፣ ያ እኮ ፊልም ነው» ብላት ነበር። አልሰማቻትም። ልጅቱ ተንበርክካ ጸሎቱን ስትጀምር፣ ልጇ የኦክስጅን ጭንብሉን እንዳጠለቀ በክርኑ ተደግፎ ሊነሳ ሞከረ። አምኖ ይሁን ልጁን ላለማሳፈር፣ እግዜር ይወቀው። እስከ ግማሽ ተነስቶ ተመልሶ ወደቀ።

«ስሚኝ» አለቻት። «አባትሽን የገደለው ሳንባው ነው። አንድ ቃል ጎደለ ብሎ ልጅን አባት የሚነሳ አምላክ እኔ አላውቅም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ፍርሃቴን ተሸከሚልኝ ብዬ አንቺ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

ልጅቱ እጇን ወደ ብሩሹ ዘረጋች።

ከሳሎን የፊልሙ ሙዚቃ መጣ። ከሙዚቃው ሥር የልጇ ሳል ተሰማ፤ ያ የውሸቱ፣ ለዳይሬክተሩ ሲል የሳለው ቀሽም ሳል። እውነተኛውን የሰማች እናት ልዩነቱን ታውቃለች። ሄዳ የቴሌቪዥኑን ገመድ ከግድግዳው ነቀለችው።

«ምነው እትዬ?» አለች የመዘምራን መሪዋ።

«መብራት ሄደ።»

ሾፌሩ ጣሪያው ላይ የበራውን አምፖል ቀና ብሎ አየና አንገቱን ደፋ።

«አራት ቀን ሙሉ ፊልሙ ጥሩ ነው፣ ፊልሙ መጥፎ ነው» አለች አያቷ። «ልጄ እኮ ሰው ነበር። እናንተ ቤት ቀለም የቀባ ሰው። እስቲ ስለሱ አንድ ነገር አውሩልኝ።»

መምህሩ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «የኔን በረንዳ ሲቀባ» አለ፣ «ያፏጭ ነበር። አንድም ዜማ አይጨርስም።»

ይሄኔ ልጅቱ ከጓዳ ወጣች። በአንድ እጇ አባቷ በሩን የጀመረበትን የአረንጓዴ ቀለም ቆርቆሮ፣ በሌላው ብሩሹን ይዛለች፤ ነጭ ጋዙ ጠብ ጠብ ይላል። ጉንጮቿ እስከ አገጯ ርሰዋል።

«ወዴት ነው? በለቅሶ ቤት ደግሞ ሥራ አለ እንዴ?» ልትል የጀመረችውን የመዘምራን መሪ አያቷ በእጇ አስቆመቻት።

ልጅቱ አያቷ አጠገብ ስትደርስ ብሩሹን ከቆርቆሮው ጋር በአንድ እጇ ደርባ ያዘች። በተፈታው እጇ፣ ያኔ አባቷን ለማስነሳት እንዳደረገችው፣ የአሮጊቷን ጎን፣ ቀሚሷ ላይ፣ ቆንጠጥ አደረገችው። ከዚያ ግማሹ ወደተቀባው በር ወጣች።