የስንደዶው ባርኔጣ

ደሴ ያየን የቆዳ ሐኪም ለልጄ ሁለት ነገር ነበር ያዘዘላት፦ ቅባትና ባርኔጣ። «ጠርዙ ሰፋ ያለ ባርኔጣ ታድርግና የፈለገችበት ትሂድ» አለ። ቅባቱን የዚያኑ ዕለት ገዛሁ። ባርኔጣ ግን ሦስት ገበያ ፈልጌ አጣሁ። አጣሁ ማለቴ፣ የቀረበልኝን ሁሉ አልወደድኩትም።

ልጄ ፈይዛ በ2006 ከሳዑዲ ከተመለሱት አንዷ ናት። አሠሪዋ ቤት የማጽጃ ኬሚካል ተረጭቶባት ግራ ጉንጯን እስከ አንገቷ አቃጥሏታል፤ ፀሐይ ሲነካው ቆዳው ይቀላና ይላጣል። ስለዚህ ደህና ባርኔጣ እስኪገኝ ከቤት አትወጣም ብዬ ወሰንኩ። ገበያ ስሄድም ትዕግሥቷ አልቆ በባዶ ራሷ እንዳትወጣ የግቢውን በር ከውጭ ቆልፌ ቁልፉን ደረቴ ውስጥ እሸጉጥ ነበር።

«ማዳምም ስትወጣ እንዲህ ትቆልፍብኝ ነበር» አለችኝ አንድ ቀን።

«እኔ እናትሽ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣ እማ። የቁልፉ ድምፅ ግን አንድ ነው።»

ተመላሾቹ በማኅበር ተደራጅተው ከመካነ ሰላም በታች የችግኝ ጣቢያ ተሰጥቷቸው ነበር። ሰብሳቢያቸው ሀይማኖት ቤታችን ድረስ መጥታ «ሰኞ ካልተገኘሽ ስምሽ ይሰረዛል፤ ተራ የሚጠብቅ ሞልቷል» አለቻት። ፈይዛ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ደግሞ የታየኝ የጠዋቱ ፀሐይ፣ የከሰዓቱ በረዶ፣ መብረቁ፣ የሚያዳልጠው ቁልቁለት ነበር።

«ቅዳሜ እገዛልሻለሁ» አልኩ።

ቅዳሜ ባርኔጣ ሻጩ ጋሽ አባተ ዘንድ ስደርስ ገና ከሩቅ አይተውኝ ሳቁ። «መጣችብኝ! የፈይዛ እናት፣ ባርኔጣ ነው የምትመርጪው ወይስ አማች?»

«ለቁስል ነው ጋሽ አባተ፣ አይቀልዱ።»

አንዱ ጠርዙ አጭር ነው፣ አንገት አይሸፍንም አልኩ። የሱፉ ውሃ ከጠጣ ይከብዳል። የፕላስቲኩ ያፍናል፣ ላቡ ቁስሉን ያበላሸዋል። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው የሠሩትን ሰፊ የስንደዶ ባርኔጣ አወጡ። ወደ ፀሐይ ብይዘው በስፌቱ መሀል እንደ መርፌ ቀዳዳ ብርሃን ታየኝ።

«ይኸው! ፀሐይ ያስገባል።»

«ጥቁር ጨርቅ ከውስጥ ለብጪበታ። ለዝናቡ እንደሆን ስንደዶ ውሃ ሲነካው ያብጥና ይጋጠማል።» የውሃ ጆግ አንሥተው አናቱ ላይ አፈሰሱበት። ውሃው በጠርዙ ዙሪያ ወረደ። እጄን ከሥሩ አስገብቼ ዳበስኩ። ደረቅ ነው።

«ማሰሪያ የለውም፤ ነፋስ ይወስደዋል።»

ከውስጥ የታጠፈውን ማሰሪያ መዘው አሳዩኝ። ሌላ ምክንያት ሳስብ ሰማዩ ጠቆረ፤ በረዶው እንደ ድንጋይ ወረደ። ገበያተኛው በየሸራው ሥር ተሸጎጠ፤ እኔም እሳቸው ዘንድ ተጣበቅሁ። መንገዱ በአንዴ ጎርፍ ሆነ።

ቁልፉ ደረቴ ላይ ቀዘቀዘኝ። ግቢያችን ረባዳ ቦታ ላይ ነው። ጎርፉ ቢገባስ? የቤታችን የተሰነጠቀ ግድግዳ ቢናድስ? ብትጮህ በዚህ የቆርቆሮ ጩኸት ማን ይሰማታል? ቢሰማስ ማን ይከፍትላታል? ለስንት ወር ከውጭ የሚመጣባትን ስፈራ፣ ከውስጥ ዘግቼባት መሄዴን አላሰብኩትም ነበር።

ብሩን እጃቸው ላይ አስቀምጬ ባርኔጣውን ራሴ ላይ ደፋሁና ወጣሁ። «ሴትዮ፣ በረዶው ሊፈጅሽ ነው!» ሲሉ ከኋላዬ ሰማሁ።

እየሮጥኩ ቤት ደርሼ በሩን ከፈትኩ። ፈይዛ ከበሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ በስብሳለች። ጎርፉ ቁርጭምጭሚቷ ደርሷል።

«ምነው ቤት ውስጥ ሆነሽ ብትጠብቂኝ?»

«ውሃው ከመጣ በሩ አጠገብ ልሁን ብዬ ነው» አለች። አላለቀሰችም። ተነሥታ ባርኔጣውን ከራሴ ላይ አወረደችና ሻሼን፣ ቀጥሎም ፀጉሬን ዳበሰች።

«ራስሽ አልረጠበም።»

«አዎ።»

«ታዲያ የዚህኛው ጉድለቱ ምንድን ነው?»

ባርኔጣውን ተቀብዬ አገላበጥኩት። ፈልጌ ፈልጌ አንድም አጣሁ።

እሑድ ከሳዑዲ የመጣችበትን ጥቁር ዓባያ ቀደደችና ከባርኔጣው ውስጥ ለበጠችው። ብርሃን እንዳያስገባ ሁለቴ ሰፋሁላት። ሰኞ ጠዋት ከሂጃቧ በላይ አድርጋው፣ ማሰሪያውን አገጯ ሥር አሥራ ወጣች። ጎረቤታችን ፈንታዬ ከአጥሯ ማዶ «ሻለቃ! ጦሩን ወዴት እየመራሽ ነው?» ብላ ጮኸች። ፈይዛ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ሰላምታ ሰጠቻት፤ ሁለቱም ሳቁ። ሳቋን ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ!

ባርኔጣው ከመታጠፊያው እስኪሰወር ቆሜ አየሁ። ስመለስ የግቢው በር ጓጉንቸር እጄ ውስጥ ነበር። ከየት እንዳነሣሁት አላውቅም። እምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩት፣ አልሆነልኝም፤ ከአልጋው ሥር አደረግሁት፤ መልሼ አወጣሁት። ከሰዓት ሰማዩ ሲጠቁር በሩ ላይ ሄጄ፣ እሷ ቅዳሜ በተቀመጠችበት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ክፍት ነው፤ ዝናቡ እግሬ ድረስ ይገባል። እኔ ግን ከዚያ መነሣት አልቻልኩም።