አሥራ ሁለት ደቂቃ የዘገየ ሰዓት

ሆስፒታል ውስጥ ሰዓት የማይቆጥር ዕቃ የለም። የበር ካርድ ማንበቢያው ይቆጥራል፣ የላቦራቶሪው ኮምፒውተር ይቆጥራል፣ ከሕመምተኛው ራስጌ ሆኖ የልብ ምት የሚያሳየው ሞኒተርም ይቆጥራል። ችግሩ ሁሉም እንደ ልቡ መቁጠሩ ነው። አንዱ በቀን ሦስት ሰከንድ ይፈጥናል፣ ሌላው አምስት ሰከንድ ይጎተታል፣ ዝም ከተባሉ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሰዓት ይዘው ይነጉዳሉ። ስለዚህ ምድር ቤት ውስጥ ትክክለኛውን ሰዓት የያዘ አንድ ማሽን ተቀምጧል። ሌሎቹ በየጥቂት ደቂቃው በኔትወርኩ በኩል «ስንት ሰዓት ነው?» እያሉ ይጠይቁታል፣ እሱም ሳይሰለች ይነግራቸዋል። ይህ ጥያቄና መልስ እንዳይቋረጥ የሚጠብቀውን የኔትወርክ ባለሙያ የሆስፒታሉ ሰው «ባለሰዓቱ» ይለዋል። ሰውየው ራሱ በሰዓቱ ደርሶ ስለማያውቅ የቅጽል ስሙ ግማሽ ሽሙጥ ነበር።

ባለሰዓቱ እናቱን ከቀበረ ገና አሥር ቀኑ ነው። ያረፈችውም እዚያው እሱ በሚሠራበት ሆስፒታል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር።

ባረፈችበት ቀን ከሰዓት በኋላ እረፍት ወስዶ ቤቱ እያለ ታላቅ እህቱ ደወለችለት። እሱ እታለም ይላታል፤ እናታቸውን ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአልጋዋ ሥር ሳትጠፋ ያስታመመች እሷ ናት። «ቶሎ ና፣ ስምህን እየጠራች ነው» አለችው። ጠብቃ ጠብቃ ሲቀርባት ዋናው በር ላይ ልትቀበለው ወረደች። እሱ ግን በጀርባ በኩል፣ በሠራተኛ በር ገባ። እታለም በሩ ላይ ስትንቆራጠጥ ቆይታ ተስፋ ቆርጣ ስትመለስ፣ የፎቁ ነርስ፣ ሲስተሯ፣ እናታቸው ደረት ላይ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ስትጫን ደረሰች። አልሆነም።

ከቀብር በኋላ እታለም መዝገቡ ይውጣልኝ አለች፤ ወጣላት። ሞኒተሩ እንደመዘገበው የእናቷ ልብ የቆመው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ አንድ ላይ ነው። የሲስተሯ ካርድ የክፍሉን በር የከፈተው ዘጠኝ ከሃያ አራት ላይ ነው። አሥራ ሦስት ደቂቃ! እታለም ወረቀቱን ይዛ ክስ አቀረበች። ሲስተሯ «የሞኒተሩ ደወል እንደጮኸ ሮጬ ነው የገባሁት» ብትልም ማን ይስማት? የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰብሳቢ «ማሽን ምን ቂም ኖሮት ይዋሽብሻል?» አላት። ከሥራ ታገደች፤ ጉዳይዋም ለሐሙስ ተቀጠረ። ከተፈረደባት የሙያ ፈቃዷ ይቀማል፤ የሃያ ሁለት ዓመት ነርስነት በአንድ ወረቀት ገደል ይገባል።

ያው ወረቀት ለባለሰዓቱ መጽናኛው ሆኖ ነበር። የእሱም ካርድ እዚያ ላይ አለ፦ የሠራተኛ በር፣ ዘጠኝ ሰዓት ከዘጠኝ። ከመግባቱ እስከ መሞቷ ሁለት ደቂቃ ብቻ። ክንፍ ቢኖረው እንኳ ሦስተኛ ፎቅ አይደርስም ነበር። ለእታለምም የነገራት ይህንኑ ነው። «አልደረስኩባትም እንጂ በሩ ላይ ነበርኩ» ብሏታል፤ እሷም አቅፋው አልቅሳለች። በዚያች ሁለት ደቂቃ ተደግፎ ነው እነዚያን ቀናት የገፋው።

ሰኞ ጠዋት ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተበላሸ ገመድ ሊቀይር ወጣ። ከአልጋው ኋላ ተንበርክኮ ሠርቶ ሲነሳ ዓይኑ ሞኒተሩ ጥግ ላይ ባለችው ትንሽ ሰዓት ላይ አረፈ። ስልኩን አየ። እንደገና ሞኒተሩን አየ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ወደኋላ ቀርቷል። ወደ ቀጣዩ አልጋ ሄደ፣ ያም ዘግይቷል። ነርሶቹ የክንዳቸውን ሰዓት ነው የሚያዩት፤ ያችን ጥግ ልብ ያላት ሰው የለም።

ነገሩ ወዲያው ገባው። ከአምስት ወር በፊት የዚህን ፎቅ ሞኒተሮች ወደ አዲስ የኔትወርክ መስመር ያዛወረው እሱ ራሱ ነው። የሕመምተኞቹ መረጃ የሚያልፍበትን መንገድ ከፍቶ፣ የሰዓቱ ጥያቄ የሚያልፍበትን ረስቶታል። አምስት ወር ሙሉ ሞኒተሮቹ «ስንት ሰዓት ነው?» ሲሉ መልስ የሚሰጣቸው አጥተው በቀን አምስት አምስት ሰከንድ ወደኋላ ሲንሸራተቱ ኖሩ። የበሮቹ ካርድ ማንበቢያ ግን በድሮው መስመር ላይ ስለሆነ ልክ ነበር።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ደመረ። ዘጠኝ ከአሥራ አንድ ላይ አሥራ ሁለት ሲጨመር ዘጠኝ ከሃያ ሦስት። ሲስተሯ የገባችው ሃያ አራት ላይ። እንዳለችውም ሮጣ ነው የገባችው! አፉን ሞልቶ «ተመስገን» ሊል ነበር። ከዚያ የራሱን ቆጠረ። እሱ የገባው ዘጠኝ ከዘጠኝ ላይ ነው። እናቱ ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ደቂቃ ኖራለች።

የት ነበር? ምድር ቤት፣ ማሽኖቹ ክፍል ውስጥ። ቦርሳዬን ላስቀምጥ ብሎ ወርዶ አንዲት ቀይ መብራት አየና «አንድ ደቂቃ ብቻ» አለ። ለሰው ቢናገር የሚያምርለት ምክንያት ይህ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ፈርቶ ነበር። ያቺ እናቱ፣ በሳቋ ቤት የምትሞላዋ፣ አጥንቷ ወጥቶ ስሙን ስትጠራ ማየት ጨንቆት፣ ያልተበላሸ ገመድ እየነቀለ ሲሰካ ነበር።

ሰኞ ከዚያ ወርዶ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። የተረሳውን መንገድ ለመክፈት አንድ መስመር ትእዛዝ መጻፍ ይበቃል። የፎቁ ሰዓቶች ባንዴ ይስተካከላሉ፣ አሥራ ሁለቱ ደቂቃም ደብዛው ይጠፋል፣ ማንም አያውቅም። ሲስተሯ ትባረራለች፣ እሱ ሁለት ደቂቃውን ይዞ ይኖራል። ጣቱ ኪቦርዱ ላይ ቆየ፤ አልጻፈም። ማክሰኞም እንዲሁ አለፈ።

ረቡዕ ጠዋት ሲስተሯን ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ አገኛት። ከሣጥኗ ነጠላ ጫማዋንና አንድ ሹራብ አውጥታ ፌስታል ውስጥ ትከታለች። ዓይኑን ወደ ግድግዳው ቢያዞርም ቀድማ አየችው።

«በእህትህ አልፈርድም፤ እናት ነው የሞተባት» አለችው። «ግን እኔንም ግራ ገባኝ። ማታ ማታ ተኝቼ አስበዋለሁ። ምናልባት ጆሮዬ ሳይሰማ ቀርቶ ይሆን? ራሴን ማመን አቃተኝ።»

«ጆሮሽ ጤነኛ ነው ሲስተር» አላት።

ወደ ሕመምተኞቹ ክፍል ገብቶ ሞኒተሮቹን ከነሰዓታቸው ፎቶ አነሳ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳያድበሰብስ ጻፈ፣ ፈርሞም ለኮሚቴው ሰጠ። መንገዱን የከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ እናቱ ቤት ሄደ። እታለም መሬት ላይ ተቀምጣ የእናቷን ልብስ እያጠፈች ነበር።

«ሲስተሯ አልዘገየችም፣ እታለም። ሞኒተሩ ነው ወደኋላ የቀረው፤ እሱም በኔ ስህተት። የደረሰችላት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው።»

የእታለም እጅ ልብሱ ላይ ቆመ። «አንድ ደቂቃ?» አለች። «እንግዲያው ያን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን አልተጣለችም?» ፊቷ ለአፍታ ፈካ። ወዲያው ግን ተነስታ ከመሳቢያው ወረቀቱን አወጣች። በጣቷ እየተከተለች አነበበች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ደመረች።

«አንተ ዘጠኝ ከዘጠኝ ላይ ገብተሃል» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ።»

«እሷ በሕይወት ነበረች።»

«አዎ።»

«እኔ በር ላይ ነበርኩ። አንተን ልቀበል ብቻዋን ጥያት ወረድኩ። የት ነበርክ?»

«ምድር ቤት። ፈርቼ... መውጣት አቃተኝ።»

እታለም ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈችው። አልጮኸችም፤ ብትጮህበት በተሻለው ነበር። ተመልሳ ተቀመጠችና የእናቷን ሹራብ እጅጌ ማስተካከል ጀመረች።

«ነገ ጠዋት ሄጄ የሲስተሯን ክስ አነሳለሁ» አለች። «እግሯ ላይ ወድቄም ይቅርታ እጠይቃታለሁ።» ቀና ሳትል፣ «አንተን የት ሄጄ ልክሰስህ?» አለችው።

አጠገቧ ተቀምጦ ካልታጠፉት ልብሶች አንዱን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ፣ እታለም ክምሩን በቀስታ ወደ ራሷ ሳበችው።