ያልተንቀሳቀሰው ችካል

ቀያሹ አለቱ ላይ በርከክ ብሎ በመለኪያው መነጽር ለሦስተኛ ጊዜ አጮለቀ። ያው ነው። አንድ ሜትር ከሰማንያ ሁለት።

«አሁንስ?» አለው ሾፌሩ፣ ከመኪናው ሳይወርድ።

«ያው።»

«እንግዲህ ካንተ የባሰ ግትር ቁጥር ተገኘ።»

ሰፈሩ ቀያሹን «ሚሊሜትር» ይለዋል። ሻዩ ላይ ስኳር ሲጨምር ማንኪያውን በጣቱ ጠረግ አድርጎ ያስተካክላል ይሉታል፤ ውሸት አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ወንዙ ጥልቁ ባሕር ውስጥ የሚገባበት ዳርቻ ላይ ችካል እየለካ «ለውጥ የለም» ብሎ ሲፈርም የኖረው ይኸው ሰው ነው።

ለውጥማ በመዝገቡ አልነበረም። ችካሎቹን ሁሉ የሚለካው ከአንድ መነሻ ችካል ነው፤ መነሻው ደግሞ የተተከለው እዚያው ደለል ላይ ነው። ወንዙ በየክረምቱ አዲስ ደለል ያራግፋል፣ ከሥር ያለው ጭቃ ያዳልጣል፣ ዳርቻው በገዛ ክብደቱ ከአልጋ እንደሚወርድ ብርድ ልብስ ወደ ጥልቁ ይንሸራተታል። ከላይ በኩል ይለጠጣል፣ ቤትም ይሰነጠቃል፤ ከታች በኩል ይሸበሸባል። ዓሣ አጥማጆቹ «ባሕሩ ሥር ጉብታ በቅሎ መረባችንን ያዘው» ሲሉት «ቀንሱ፣ መጠጡን» ብሏቸው ነበር። ሰፈሩም፣ ችካሎቹም፣ መነሻውም አብረው ሄደዋል። አንድ ጀልባ ላይ የተቀመጡ ሰዎች እርስ በርስ ቢለካኩ ምን ያገኛሉ? ከማይንቀሳቀሰው የማዶ አለት የለካው ዛሬ ገና ነው፤ መነሻው ችካል ራሱ አንድ ሜትር ከሰማንያ ሁለት ሄዷል።

«ቢሮ?» አለ ሾፌሩ።

«እህቴ ቤት።»

ታላቅ እህቱ መሰላል ላይ ቆማ የሳሎኑን ስንጥቅ በሲሚንቶ ትደፍናለች።

«ና፣ ባልዲውን ያዝልኝ። ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?»

«እትዬ፣ ውረጂ።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም። ውረጂ ብቻ።»

ወረደች። ነገራት።

ቤቱን የሠራው ባሏ ነው፤ ግንበኛ ነበር። ስንጥቁ የጀመረ ሰሞን ቀያሹ ዘንድ መጥቶ «መሬቱ ነው እንጂ እጄ አይደለም» ቢለው፣ ቀያሹ መዝገቡን ገልጦ የዜሮ ሰልፍ አሳየው። «መሬቱ ንቅንቅ አላለም። ሲሚንቶ ቆጥበህ ነው!» አለው፣ ለቀልድ። ቀልዱ በሳምንቱ ግንበኞች ሥራ የሚጠብቁበት ጥግ ደረሰ። የገዛ ቤቱ የሚሰነጠቅበትን ግንበኛ ማን ይቀጥራል? ሰውዬው የራሱን ግድግዳ ሲደፍን ኖሮ ሞተ። ሁለት ዓመት ሆነው።

«ሲሞት ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?» አለች፣ እጇ ላይ የደረቀውን ሲሚንቶ እየፋቀች። «‹ደህና ቤት ሳልሠራልሽ ሄድኩ፣ ይቅር በይኝ› አለኝ። ይቅር አልኩት። ምን አጥፍቶ ነው ይቅር ያልኩት?»

«ሌላ ሰው የሠራው ቤት ቢሆን ድሮ ፈርሶ ነበር፣ እትዬ።»

«አሁን ነው የምትነግረኝ?»

«ክረምቱ ሳይገባ መውጣት አለብሽ። ሪፖርት አስገባለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ይነሳል።»

«እወጣለሁ። ሪፖርቱ ላይ የሱ ስም አለ?»

«የሰው ስም አይጻፍበትም። ቁጥር ነው።»

«ያን ቀልድህንስ በቁጥር ነበር ያወራኸው?»

ይቅር በይኝ ሊል አፉን ከፈተ። ቃሉ የሟቹ ሆኖበት መልሶ ዘጋው። እሷም አላዘነችለትም፤ ጀርባዋን ሰጥታው ባዶ ካርቶን ትፈልግ ጀመር።

መኪናው ውስጥ ሾፌሩ ሰዓቱን አየ። «ፍጠን፣ ቢሮው አሥራ አንድ ላይ ይዘጋል።»

«ግንበኞቹ ጥግ ውሰደኝ።»

«ቤት ልታሠራ? ሪፖርቱስ?»

«ሪፖርቱን ጠዋትም ይቀበሉኛል። ቀልዴን የሰሙት ሰዎች ግን አሁን ሊበተኑ ነው።»

ሾፌሩ የሚቀልደው አላጣም ነበር። ዞር ብሎ ሲያየው ግን ተወውና ሞተሩን አስነሳ።